የዶሮ ዕጢ ያጠኑት ዶክተር፦ ሃዋርድ ቴሚን

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ኩፓት ሖሊም ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ለምን እንደመረጥኩት አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በምሠራበት ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳለች። እናትየው ከእንግዲህ ልጄ ሥራ ይዛ ቤቱን ትደግፋለች፣ ጊዜው ሲደርስም ወግ ማዕረጓን አያለሁ ብለው ይጠብቁ ነበር። ልጅቷ ግን ገና ብዙ ዓመት ተምራ ዶክተር መሆን እንደምትፈልግ፣ የምታጠናውም አር ኤን ኤ ስለሚባል ነገርና ስለ ካንሰር እንደሆነ ነገረቻቸው። እናትየው ዶክተር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ጎረቤት ጠርተው ቡና አፈሉ። በኋላ ልጅቷ በሽተኛ የማታክም፣ ቀኑን ሙሉ ከአይጥና ከብልቃጥ ጋር የምትውል ዶክተር እንደምትሆን ሲገባቸው ደስታው ወደ ሐሳብ ተለወጠ። ልጅቷን እንድመክርላቸው እኔ ዘንድ መጡ። ያን ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር፣ ሰዓቱም መሽቶ ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሳቸውና እንደ እሳቸው ግራ ለገባቸው ወላጆች ነው። የምነግራችሁ ሰውም ልክ እንደዚህ ያለ ዶክተር ነበሩ። አንድም በሽተኛ አላከሙም። ነገር ግን እናንተ በኩፓት ሖሊም ደም ስትሰጡ፣ ወይም በኮሮና ጊዜ አፍንጫችሁን ስትመረመሩ፣ የእሳቸው ሥራ ከጀርባው ነበረ።

ሃዋርድ ማርቲን ቴሚን የተወለዱት በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 1934 ነው። ቤተሰባቸው አይሁድ ነው። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ እናታቸውም በሕዝብ ጉዳይ፣ በተለይም በትምህርት ነገር ብዙ ይደክሙ ነበር። ከሦስት ወንድማማቾች ሁለተኛው ናቸው። ባር ሚጽቫቸው የደረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ እልቂት የተረፉ ወገኖች ገና በየመጠለያው ነበሩ። ቤተሰቡ ለድግሱ የተዘጋጀውን ገንዘብ ለተፈናቃዮች መጠለያ ሰጠው። (እኛ ዘንድ ለባር ሚጽቫ አዳራሽ ሲባል ስንት ቤት ዕዳ ውስጥ እንደሚገባ በሥራዬ አውቃለሁ፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ልጁ ማንበብ የሚወድ ነበር። ነገር ግን መንገዱን የቀየሰለት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያደረገው ነገር ነው። ባር ሃርበር በምትባል በሰሜን አሜሪካ የባሕር ዳር ከተማ ጃክሰን ላቦራቶሪ የሚባል የአይጥ ዘር የሚጠናበት ቦታ አለ። ይህ ላቦራቶሪ በበጋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብሎ ሥራውን ያሳያቸው ነበር። ቴሚን ከ1949 ጀምሮ ብዙ በጋዎችን እዚያ አሳለፉ፤ በኋላም በፊላደልፊያ በሚገኝ የካንሰር ምርምር ተቋም አንድ በጋ ሠሩ። የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ጽሑፋቸው ሲታተም ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ ልጃቸው በበጋ ወደ ሳይንስ ፕሮግራም ልሂድ ሲል ያለ ጥቅም ጊዜ ማጥፋት የሚመስላቸው ወላጆች ስላሉ ነው። እዚህም አገር በረሖቮት በሚገኘው በዋይዝማን ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለወጣቶች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ። የልጃችሁን መምህር ጠይቁ፤ መምህሩ ካልነገራችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ቴሚን በ1955 ከስዋርትሞር ኮሌጅ በባዮሎጂ ተመርቀው ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ሄዱ። በመጀመሪያ የያዙት ጥናት ጽንስ እንዴት እንደሚያድግ ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከሠሩ በኋላ ልባቸው ወደ ሌላ ነገር አደላ፤ ጥናቱን ትተው ቫይረስ ወደሚጠናበት ላቦራቶሪ ገቡ። የላቦራቶሪው አለቃ ከጣሊያን አገር ተሰደው የመጡ ሬናቶ ዱልቤኮ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መንገድ ከጀመሩ በኋላ መለወጥ በእኛ ቤት እንደ ሽንፈት ይቆጠራል፤ ልጁ ሰነፈ ይባላል። ቴሚን ባይለውጡ ኖሮ ግን ዛሬ ስማቸውን ባላነሳን ነበር።

አሁን ዶክትሬት ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሐኪም ዶክተር የሚባለው ሌሎች ያገኙትን እውቀት ተምሮ በሽተኛ ስለሚያክምበት ነው። የምርምር ዶክተር ደግሞ ከእሱ በፊት ማንም ያላወቀውን አንድ ነገር ፈልጎ ማግኘትና ማስረዳት አለበት። ነገሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን አዲስ መሆን አለበት። ለዚህም አንድ አስተማሪ ይመረጣል፣ በእሱ ላቦራቶሪ ለዓመታት ይሠራል፣ ብዙው ሙከራ አይሳካም፣ የተሳካውም ተጽፎ በሌሎች አዋቂዎች ይመረመራል። ልጃችሁ ማታ አምሽታ ተናዳ ከመጣች ሙከራው ተበላሽቶባት ይሆናል እንጂ ከሰው ተጣልታ አይደለም።

ወደ ቴሚን እንመለስ። እሳቸው የያዙት ነገር ከእሳቸው መወለድ 25 ዓመት በፊት ከአንዲት ዶሮ የጀመረ ነው። በ1909 ወደ ኒው ዮርክ ወደ ሮክፌለር ተቋም አንዲት ገብስማ ዶሮ መጣች፤ ደረቷ ላይ ትልቅ ዕጢ ነበረባት። ፔይተን ራውስ የሚባሉ ተመራማሪ ዕጢውን ፈጭተው ውሃውን ሕዋስ በማያሳልፍ ማጥለያ አጠለሉት። ከዚያ የተጣራውን ውሃ ለጤነኛ ዶሮዎች ሲወጉ ያው ዕጢ በቀለባቸው። ስለዚህ ዕጢውን የሚያመጣው ከሕዋስ የሚያንስ ነገር፣ ማለትም ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። ራውስ ይህን በ1911 አሳወቁ። ብዙ ሰው የዶሮ ነገር ነው ብሎ ተወው። ራውስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በ1966 በ87 ዓመታቸው ነው፤ ከ55 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። በዶሮ ቫይረስ ዕጢ አመጣ ማለት ካንሰር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ማለት አይደለም። በሥራዬ ካንሰር የያዘው አባት ለብቻው ሳህን ተለይቶለት የሚበላበትን ቤት አይቻለሁ። ከካንሰር ሕመምተኛ ጋር መብላት፣ መተኛት፣ መተቃቀፍ ምንም አያመጣም። ካንሰር ሊያስከትሉ የሚችሉ ጥቂት ቫይረሶች በሰውም አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ሌላው የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ፓፒሎማ ነው። ለሁለቱም ክትባት አለ። የመጀመሪያው በቲፓት ሐላቭ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ሁለተኛው በትምህርት ቤት ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ይሰጣል። ከትምህርት ቤት የፈቃድ ወረቀት ሲመጣላችሁ ሳታነቡ አትጣሉት።

ቴሚን ላቦራቶሪው ሲገቡ ሃሪ ሩቢን የሚባሉ ተመራማሪ በራውስ ቫይረስ ላይ ይሠሩ ነበር። ችግሩ ቫይረሱን መቁጠር አለመቻሉ ነበር። ምን ያህል ቫይረስ እንዳለ ለማወቅ ብዙ ዶሮ መውጋትና ዕጢ እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሌላ መንገድ አበጁ። ጫጩት ከያዘ እንቁላል ሕዋሶችን አውጥተው በሳህን ላይ ስስ ምንጣፍ እስኪመስሉ አሳደጓቸው። በላዩ ቫይረሱን ሲያደርጉ ቫይረስ የገባበት ሕዋስ መልኩን ለውጦ እየተባዛ ክምር ይሠራል። ክምሮቹን በማጉያ መነጽር መቁጠር ነው እንግዲህ። ይህ ዘዴ በ1958 ታተመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው በዚህ ላቦራቶሪ በእውነት ሆኗል፤ ከእንቁላል ተነስተው ነው ኖቤል የደረሱት።

ቴሚን እየቆጠሩ ሳሉ አንድ ነገር አዩ። ሁሉም ክምር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ቫይረስ ሕዋሱን ድቡልቡል ያደርገዋል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ እንደ እንዝርት ቀጭንና ረጅም ያደርገዋል። ሕዋሱ ሲከፈልም ልጆቹ ያንኑ መልክ ይወርሳሉ። ታዲያ ቫይረሱ ለሕዋሱ የሚሰጠው መልክ የሚወረስ ከሆነ ቫይረሱ በሕዋሱ የዘር መዝገብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው ብለው አሰቡ። ዶክትሬታቸውን በ1959 ተቀበሉ፤ ይህ ሐሳብ ግን ከራሳቸው አልወጣም።

ወደ ወላጆች ሐሳብ ለጥቂት ልመለስ፤ መቼም ስለ ገንዘብ ሳይነገር አይታለፍም። ብዙ ወላጆች ዶክትሬት እንደ መጀመሪያው ዲግሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ይመስላቸዋል። በሳይንስ ምርምር ነገሩ ሌላ ነው። በዋይዝማን ኢንስቲትዩት የማስተርና የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ይልቁንም ለመኖሪያ ሚልጋ ይሰጠዋል። በኢየሩሳሌም፣ በቴል አቪቭ፣ በሃይፋው ቴክኒዮን፣ በቤርሼባው ቤን ጉርዮንና በባር ኢላንም ቢሆን በሕይወት ሳይንስ ላቦራቶሪ የሚሠራ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሚልጋ ያገኛል። ሚልጋው ሀብታም አያደርግም፤ ከቤት ኪራይ በኋላ ብዙ አይተርፍም። ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ግን ያኖራል። አንዳንድ ጎበዝ ተማሪዎች ከማስተር ሳይጨርሱ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት የሚያልፉበት ማስሉል ያሺር የሚባል መንገድም አለ። ተማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው የላቦራቶሪውን አለቃ በደብዳቤ ጠይቆ ሄዶ ማነጋገር ነው። የመግቢያው ቀን፣ የሚልጋው መጠንና የሚያስፈልገው ውጤት በየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ ከዚያው መጠየቅ ይገባል። ገና ወደ መኺናና ወደ መጀመሪያ ዲግሪ ለሚሄዱት አዲስ ገቢዎች ደግሞ ሚንሃል ሃስቱደንቲም የሚባለው ቢሮ ስለ እርዳታው ይነግራቸዋል።

አር ኤን ኤን ማጥናት በዚህች አገር ባዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ዓዳ ዮናት በዋይዝማን ኢንስቲትዩት ራይቦዞም የሚባለውን፣ ከአር ኤን ኤና ከፕሮቲን የተሠራውን የሕዋስ ፋብሪካ መልክ አግኝተው በ2009 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። እሳቸው በኢየሩሳሌም በድሃ ቤት ያደጉ፣ አባታቸው በልጅነታቸው የሞቱባቸው፣ እናታቸውን ለመርዳት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሠሩ ናቸው።

በ1960 ቴሚን በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በማዲሰን ከተማ ማካርድል በሚባለው የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ አስተማሪ ሆኑ። የተሰጣቸው ቦታ ምድር ቤት ነበር። ሕዋስ በሚያሳድጉበት ክፍል ወለል ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፤ በሌላኛው ክፍላቸው ደግሞ የሕንፃው ሁሉ የእንፋሎት ቧንቧ ያልፋል። እዚያ ሆነው ነው የዓለምን ሳይንስ የተከራከሩት። በ1962 ከብሩክሊን የመጡ የዘር ሳይንስ አጥኚ የሆኑ ባለቤታቸውን አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ክርክሩ ምን እንደነበር ለመረዳት በአገራችን በየመንደሩ የነበረውን የጸሎት ቤት አስቡ። ምሳሌ ነውና ቄሶቻችን ይቅር ይበሉኝ። ኦሪት በብራና ተጽፎ በጸሎት ቤቱ ይቀመጣል፤ ከዚያ አይወጣም። ከእሱ የተፈለገው ቃል በወረቀት ተገልብጦ ይወጣል፤ ሰውም በወረቀቱ መሠረት ይሠራል። በሕዋሳችንም እንዲሁ ነው። ብራናው ዲ ኤን ኤ ይባላል፤ በሕዋሱ እምብርት ተቀምጦ የአካላችንን ትእዛዝ ሁሉ ይይዛል። ወረቀቱ አር ኤን ኤ ነው፤ ከብራናው ተገልብጦ ይወጣና ፕሮቲን የሚባለው ነገር በእሱ መሠረት ይሠራል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሳይንቲስቶች ጽሑፉ የሚሄደው ከብራና ወደ ወረቀት ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

የራውስ ቫይረስ ግን ብራና የለውም። ይዞት የሚመጣው ወረቀት፣ ማለትም አር ኤን ኤ ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ብሎ ነው በሕዋሱ ውስጥ ለልጅ ልጅ የሚወረሰው? ቴሚን የደረሱበት መልስ ይህ ነው፦ ቫይረሱ ሲገባ ወረቀቱን ወደ ብራና ይገለብጠዋል፣ ያን ቅጠል ብራናም በሕዋሱ መጽሐፍ ውስጥ ይሰፋዋል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የሚገለብጥ ሁሉ ሳያውቅ የቫይረሱንም ይገለብጣል። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈልም ሁለቱም ይይዙታል።

ይህን ያሉት በግምት ብቻ አልነበረም። ከብራና ወደ ወረቀት መገልበጥን የሚከለክል አክቲኖማይሲን ዲ የሚባል መድኃኒት አለ። በወረቀት ብቻ የሚኖሩ ሌሎች የአር ኤን ኤ ቫይረሶች በአብዛኛው ለዚህ መድኃኒት ግድ የላቸውም፤ ከብራና ምንም አይፈልጉምና። ቴሚን በ1963 በራውስ ቫይረስ ላይ ሲሞክሩት ግን ቫይረሱ መውጣት አቆመ። ስለዚህ ይህ ቫይረስ በሆነ ቦታ ብራና አለው ማለት ነው። በ1964 ሐሳባቸውን በይፋ አቀረቡ። የተቀበላቸው ሰው ከቁጥር አይገባም። መድኃኒቱ ሕዋሱን ስለሚጎዳ ይሆናል የተባለው ማስረጃቸው አልበቃም፤ በሕዋሱ ውስጥ የቫይረሱን ብራና ለማሳየት ያደረጓቸው ሌሎች ሙከራዎችም ውጤታቸው ደካማ ስለነበረ ሰው አላሳመነም። እውነቱን ለመናገር ተቃዋሚዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ማስረጃው ገና አልጠነከረም ነበር። የእኔ አድናቆት ቴሚን በዚህ አለመናደዳቸው ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሳባቸውን ሳይተዉ፣ ከሰውም ሳይጣሉ፣ ሙከራ በሙከራ ላይ ሲጨምሩ ኖሩ። ተማሪዎችም ያስተምሩ ነበር።

መልሱ የመጣው ሳቶሺ ሚዙታኒ የሚባሉ ከጃፓን የመጡ ተመራማሪ ከእሳቸው ጋር መሥራት ከጀመሩ በኋላ ነው። ሁለቱ መጀመሪያ ያዩት ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ቢከለከልም ቫይረሱ ሥራውን መጀመር እንደማያቅተው ነው። ስለዚህ ወረቀትን ወደ ብራና የሚገለብጠው ጸሐፊ ከውጭ አብሮ የገባ ነው፤ በቫይረሱ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል ማለት ነው። እዚያው ፈለጉት። የቫይረሱን ልባስ በሳሙና መሰል ነገር አላልተው፣ ዲ ኤን ኤ የሚሠራባቸውን ጥሬ ዕቃዎች ምልክት አድርገው ጨመሩበት። ዲ ኤን ኤ ተሠራ። አር ኤን ኤን የሚያጠፋ ነገር አስቀድመው ሲጨምሩ ደግሞ ሥራው ተሰናከለ። ስለዚህ ጽሑፉ የሚገለበጠው ከአር ኤን ኤ መሆኑ ተረጋገጠ። ጸሐፊው ኤንዛይም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ተባለ፤ በአማርኛ ወደ ኋላ ገልባጭ ብንለው ያስኬዳል።

ቴሚን ይህን በግንቦት 1970 በሂዩስተን በተደረገው ዓለም አቀፍ የካንሰር ጉባኤ ላይ ተናገሩ። በዚያው ሰሞን ዴቪድ ባልቲሞር የተባሉ በቦስተን አካባቢ የሚሠሩ ተመራማሪ በሌላ ቫይረስ ላይ ለብቻቸው ያንኑ አግኝተው ነበር። ሁለቱ ጽሑፎች ኔቸር በሚባለው መጽሔት በሰኔ 1970 ጎን ለጎን ታተሙ። የሚገርመው፣ ባልቲሞር በወጣትነታቸው በዚያው በጃክሰን ላቦራቶሪ የበጋ ፕሮግራም ላይ ገብተው ነበር፤ ቴሚንን ያወቋቸውም እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን አደረገ ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያው የኤድስ ነገር ነው። በ1980ዎቹ ኤድስ ሲመጣ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ያወቁት ይህን ወደ ኋላ ገልባጭ ኤንዛይም በውስጡ ፈልገው በማግኘት ነው። ቴሚን ሥራቸውን የሠሩት ስለ ዶሮ ዕጢ ነበር፤ ያን ባይሠሩ ግን ዓለም በጨለማ በዳበሰ ነበር። በ1987 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት ኤ ዜድ ቲ የሚሠራው ይህንኑ ጸሐፊ እጁን በመያዝ ነው። ከ1996 ወዲህ ብዙ መድኃኒት በአንድነት ሲሰጥ ቫይረሱ ያለበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ እየሠራ፣ ጤነኛ ልጅ እየወለደ መኖር ቻለ። መድኃኒታችሁን የምትወስዱ ካላችሁ አታቋርጡ፤ በሚስጥር የሚረዳ ሰው በኩፓት ሖሊም አለ።

የደማችንን ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። በጥር 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በኤድስ ፍርሃት ምክንያት ሳይነገራቸው ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ጮኹ። ለወንድሙ ብሎ ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ደም መጣሉን ሲሰማ ምን እንደተሰማው ያ ዘመን ሰው አይረሳውም፤ አዲስ የመጣችሁትም ሽማግሌዎቹን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ከ1985 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ደም ለብቻው መመርመር ይቻል ነበር። ቫይረስ በሕዋስ ውስጥ ይገባል እንጂ በዘርና በአገር ስም ውስጥ አይገባም። ከእኛ ልጆች መካከል በእነዚያ ምርመራዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ጥያቄውን የሚጠይቅ፣ የሚወስነውም ሰው መኖር አለበት የምለው ስለዚህ ነው። ያቺ እናት ደግመው ቢመጡ የምነግራቸው መጀመሪያ ይህን ነው።

ኮሮናንም አስታውሱ። ያ ቫይረስ አር ኤን ኤ ነው። ከአፍንጫ የተወሰደው ናሙና ላቦራቶሪ ሲደርስ አር ኤን ኤው መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል፣ ከዚያም ተባዝቶ ይታያል። ገልባጩ ያው ቴሚን ያገኙት ዓይነት ኤንዛይም ነው። በካንሰር በኩል ደግሞ በ1976 ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ቢሾፕና ቫርመስ፣ የራውስ ቫይረስ ዕጢ የሚያበቅልበት ትእዛዝ መጀመሪያውኑ ከጤነኛ ዶሮ ሕዋስ የተወሰደ መሆኑን አሳዩ፤ እነሱም በ1989 ተሸለሙ። ካንሰር የራሳችን ሕዋስ ትእዛዝ ሲበላሽ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ሥራ በመነሣት ነው።

በ1975 ቴሚን፣ ባልቲሞርና ያ የድሮ አስተማሪያቸው ዱልቤኮ የኖቤል ሽልማትን በአንድነት ተካፈሉ። ሽልማቱ በስቶክሆልም የሚሰጠው ታኅሣሥ 10 ቀን ነውና በተወለዱበት ቀን፣ 41 ዓመት ሲሞላቸው ተቀበሉት። ከዚያ በግብዣው ላይ ተነሥተው የተናገሩት ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። ካንሰርን ከሚከላከሉ መንገዶች ዋነኛው ሲጋራ መተው ሆኖ ሳለ ሰው አለመተዉ እንደሚያስቆጣቸው በንጉሡ ፊት ተናገሩ። ሽልማት ተቀብሎ ማመስገንና መቀመጥ ይቻል ነበር። የእኛ ወጣቶች እዚህ መጥተው፣ በተለይ ወታደር ቤት ሲገቡ ሲጋራ እንዴት እንደሚለምዱ ታውቃላችሁና ይህን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።

ከሽልማቱ በኋላ ቴሚን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ወደ እስራኤል ለመውጣት ጠይቀው የተከለከሉ፣ ከሥራቸውም የተባረሩ የአይሁድ ሳይንቲስቶችን በየቤታቸው ጎበኙ። የሳይንስ ጽሑፎችን ወሰዱላቸው፣ አብረዋቸውም ስለ ሳይንስ ተነጋገሩ። እናንተ በሱዳን መንገድም ሆነ በአዲስ አበባና በጎንደር ለዓመታት ፈቃድ ስትጠብቁ የኖራችሁ ሰዎች፣ በር ላይ የሚመጣ አንድ እንግዳ ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ቴሚን ታዋቂ ከሆኑም በኋላ ከማዲሰን አልተነቀሉም። በሐይቁ ዳር በብስክሌት ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ ኤድስ ክትባት በሚመክሩ ኮሚቴዎች ውስጥ ሠሩ። በ1992 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ሰጣቸው። በዚያው ዓመት የሳንባ ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጋራ አፋቸው አልነካም። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ታዲያ መተዉ ምን ጠቀመ ይላል። ሲጋራ ከማያጨስ ሰው ይልቅ የሚያጨሰው እጅግ ብዙ ጊዜ ይታመማል፤ ከማያጨሱትም ግን የሚያዝ አለ። ስለዚህ ሳል ለሳምንታት የማይለቃችሁ ከሆነ፣ ደም ከታየ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ አላጨስም ብላችሁ ሐኪም ዘንድ ሳትሄዱ አትቅሩ።

እሳቸው ከታመሙም በኋላ በተቻላቸው መጠን ማስተማራቸውንና ምርምራቸውን አላቋረጡም። በማዲሰን የካቲት 9 ቀን 1994 በ59 ዓመታቸው አረፉ። በብስክሌት የሚመላለሱበትን የሐይቅ ዳር መንገድ ዩኒቨርሲቲው በስማቸው ሰይሞታል፤ ተማሪዎች ዛሬም በእሱ ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ።